ካሊፎርኒያ ውስጥ ጓሯችሁ ላይ ኤዲዩ ለመሥራት፦ ከወሰን መስመሩ እስከ መጨረሻው ፊርማ

አገር ቤት «ሰርቪስ» የምንለው ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ያለች፣ የራሷ በር ያላት ቤት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስሟ ኤዲዩ ነው። አንድ ልዩነት አለ፦ ኤዲዩ ለመባል የራሷ ማብሰያ፣ የራሷ መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ የራሷ መግቢያ ሊኖራት ይገባል። እናትና አባት ከአገር ሲመጡ ያርፉባታል። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመለስ ይገባባታል። ካልሆነም ትከራይና ሞርጌጁን ታግዛለች።

የዚህ ነገር ወሬ ቡና ላይ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ «ሲቲው አይፈቅድልህም፣ አትልፋ» ይላል። ሌላው «ማን ያይሃል፣ ጋራዡን ዝጋና አከራይ» ይላል። የመጀመሪያውን ሰምቶ ዓመታት ያባከነ አውቃለሁ። ሁለተኛውን ሰምቶ ቤቱን ሊሸጥ ሲል የተያዘም አውቃለሁ።

እኔ የራሴን ጋራዥ ቀይሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ የወዳጆቼን ፕላን ይዤ ብዙ የሲቲ ቢሮ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ሚስማር ከመመታቱ በፊት ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሲገለባበጥ። ሰው መጀመሪያ ኮንትራክተር ይይዛል፣ ቀጥሎ ፕላን ያሠራል፣ ሜትር የሚያወጣው መጨረሻ ላይ ነው። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው።

ደረጃ 1፦ ሕጉ የማን እንደሆነ ለዩ

ሁለት ሕግ አለ፤ የስቴቱና የሲቲው (የከተማው አስተዳደር)። የስቴቱ ወለል ነው። ሲቲው ከዚያ በላይ ሊለግሳችሁ ይችላል፣ ከዚያ በታች ግን ሊወርድ አይችልም። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። ዛሬ የኤዲዩ ሕግ የሚገኘው በስቴቱ የመንግሥት ሕግ (Government Code) ከአንቀጽ 66310 ጀምሮ ነው። ቁጥሩን ያዙት። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «አይቻልም» ሲላችሁ በትሕትና «በየትኛው አንቀጽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ክፋት የለበትም፣ አሮጌውን ደንብ ነው የሚያስታውሰው።

የስቴቱ ሕግ ከሰጣችሁ ነገሮች ትልቁ ይህ ነው፦ ፈቃዱ በመለኪያ ብቻ ይታያል። ጎረቤት ተጠርቶ አይጠየቅም፣ ስብሰባ አይደረግም። መለኪያውን ካሟላችሁ ሲቲው ይፈቅዳል። ማመልከቻው ሙሉ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለው፤ ቀኑ ዝም ብሎ ካለፈ እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ከከለከለም ጉድለቱንና ማስተካከያውን ዘርዝሮ በጽሑፍ መስጠት አለበት።

«ሙሉ ከሆነበት» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት። አንድ ወረቀት ጎድሎ ከተመለሰላችሁ ቆጠራው አልጀመረም ማለት ነው። ስድስት ወር ፈጀብኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የበላው የማስተካከያ ምልልሱ ነው።

ደረጃ 2፦ የትኛውን ዓይነት?

አራት መንገድ አለ። ለብቻው የቆመ አዲስ ቤት፣ ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ፣ ያለውን ነገር (በተለይ ጋራዥን) መቀየር፣ አራተኛው ጄዲዩ የሚባለው ትንሹ ነው። ጄዲዩ ከ500 ስኩዌር ፊት አይበልጥም፣ የሚሠራውም በዋናው ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥም ይቆጠራል። አነስተኛ ማብሰያ ይበቃዋል። መታጠቢያ ቤቱን ከዋናው ቤት ጋር የሚጋራ ከሆነ ግን ባለቤቱ ግቢው ውስጥ መኖር አለበት። ለኤዲዩ ይህ ግዴታ የለም። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ሁለቱንም ቤት ሊያከራይ ይችላል።

ስለ ስፋት ሦስት ቁጥር አስታውሱ። ሲቲው የራሱን ጣሪያ ሲያወጣ፣ ለስቱዲዮና ለባለ አንድ መኝታ ከ850 በታች፣ ለባለ ሁለትና ከዚያ በላይ ከ1,000 ስኩዌር ፊት በታች ማውረድ አይችልም። ሦስተኛው ቁጥር 800 ነው። እስከ 800 ስኩዌር ፊት ያለ፣ ከጎንና ከኋላ ወሰን 4 ጫማ የራቀ ኤዲዩ «ግቢህ ትንሽ ነው» ወይም «ክፍት ቦታ አልተረፈም» ተብሎ አይከለከልም። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ መብታችሁ ያለው እዚህች ቁጥር ላይ ነው።

የምትኖሩት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ከሆነ፣ ማኅበሩም ዝም ብሎ መከልከል አይችልም። ስለ ቀለምና ስለ ጣሪያ ዓይነት ያስቸግራችሁ ይሆናል እንጂ። ባሕር ዳርቻ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የባሕር ጠረፉ ሕግ ተጨማሪ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይህንን ቀድማችሁ አጣሩ።

ደረጃ 3፦ ለኩ። አጥሩን ግን አትመኑ

እኔ የተቀጣሁት እዚህ ጋ ነው። ጋራዡን ከመቀየሬ በፊት ለብቻው የቆመ ቤት ነበር ያሰብኩት። ፕላን የሚሠራው ልጅ መጣ፣ ከአጥሩ ለካ፣ 4 ጫማ ተወ፣ ቆንጆ አድርጎ ሣለው። ቀያሽ ሲመጣ አጥሩ ከወሰኑ 14 ኢንች ወጥቶ የጎረቤት መሬት ላይ ቆሟል። ማን እንደተከለው፣ መቼ እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ መገፋት ነበረበት፤ ሲገፋ ደግሞ በር ላይ ያለውን ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነካ። ፕላኑ ተጣለ፣ ክፍያውም አብሮ።

ስለዚህ፦ ሕጉ የሚለካው ከወሰን መስመር ነው። አጥር አጥር ነው። ቦታው ጠበብ ካለ ቀያሽ መቅጠር ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ቀጥሎ፣ ኢዝመንት የሚባለውን ፈልጉ። መሬቱ የእናንተ ነው፣ ግን የመብራት ወይም የፍሳሽ ድርጅት የማለፍ መብት አለበት። በላዩ ላይ መሥራት አይቻልም። ቤቱን ስትገዙ በተሰጣችሁ የታይትል ሪፖርት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ያኔ ሳታነቡ ፈርማችሁ ይሆናል፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን። የሎስ አንጀለስ ሲቲ ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ዚማስ የሚባለው የሲቲው ካርታ ላይ አድራሻችሁን አስገቡ። ዞናችሁን፣ ኮረብታ ወይም ከፍተኛ የእሳት አደጋ ቀጠና ውስጥ መሆናችሁን በነፃ ያሳያችኋል።

አሁን ስለ 4 ጫማዋ። ስቴቱ 4 ጫማ ተው ይላል። የግንባታ ኮዱ ደግሞ ከወሰን ከ5 ጫማ በታች የሆነ ግድግዳ ለአንድ ሰዓት እሳት የሚቋቋም እንዲሆን ያዛል። በዚያ ግድግዳ ላይ መስኮት ከግድግዳው የቆዳ ስፋት ሩብ አይበልጥም። ከ3 ጫማ በታች ከሆነ ጭራሽ መስኮት የለም። የጣሪያው ክንፍ ከሥሩ ይሸፈናል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ናቸው። ስለዚህ ቦታ ካላችሁ የእኔ ምክር 5 ጫማ ተዉ ነው። አንዷ ጫማ ጓሮ ላይ አትታይም፣ ደረሰኝ ላይ ግን ትታያለች።

ቁመት፦ ለብቻው ለቆመ ቤት 16 ጫማ የተረጋገጠ ነው። ትልቅ የሕዝብ ትራንስፖርት ማቆሚያ በግማሽ ማይል ውስጥ ካለ 18 ይሆናል። ከዋናው ቤት ጋር ለተያያዘው እስከ 25 ጫማ፣ ወይም ሰፈሩ ለዋናው ቤት የሚፈቅደው ቁመት፣ ካነሰ ያነሰው።

ጋራዥ የምትቀይሩ ከሆነ ከላይ ያለው የርቀት ጣጣ አይመለከታችሁም። ጋራዡ ወሰኑ ላይ ተለጥፎ ቢቆምም፣ በዚያው ቦታና በዚያው ልክ መቀየር ይቻላል። የእሳት ጥበቃው ግን ይቀራል ማለት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ከመሬት በታች ያለውን እዩ

ፕላን ላይ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው። ጓሮ ላይ ግን ፍሳሽ ወደ ታች መሄድ አለበት። ኮዱ ለአንድ ጫማ ርቀት ሩብ ኢንች ቁልቁለት ይፈልጋል። ሒሳቡን ሥሩት፦ አዲሱ ቤት ከዋናው የፍሳሽ መስመር 60 ጫማ ቢርቅ፣ ቱቦው 15 ኢንች መውረድ አለበት። የዋናው ቤት ቱቦ የተቀበረው 12 ኢንች ጥልቀት ላይ ከሆነ ፍሳሹ አይወርድላችሁም። ያኔ ወይ ሌላ መስመር እስከ መንገዱ መቆፈር ነው፣ ወይ ፓምፕ መግጠም። ፓምፕ ያለበት ቤት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለዚህ ነው ፕላን ከማሠራታችሁ በፊት ቧንቧ ሠራተኛ ካሜራ አስገብቶ እንዲያይላችሁ የምመክረው። የጥልቀቱንና የቱቦውን ዓይነት ይነግራችኋል። የቆየ የሸክላ ቱቦ ከሆነ፣ የዛፍ ሥር ገብቶበት ከሆነ፣ ያኔ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የት እንደምታስቀምጡት ትወስናላችሁ።

መብራትም እንዲሁ። የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ 100 አምፕ ፓኔል (የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን) ነው ያላቸው። ዋናው ቤት ኤሲ ካለው፣ አዲሷ ቤት ደግሞ ምድጃውም ውኃ ማሞቂያውም በኤሌክትሪክ ከሆነ፣ 100 አምፕ አይበቃም። ወደ 200 ማሳደግ ፓኔሉን ብቻ መቀየር አይደለም፤ የመብራት ድርጅቱ ከመንገድ የሚመጣውን መስመር ማየት አለበት። የእነሱ ወረፋ ከሲቲው ወረፋ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ዛሬ አስገቡ።

አዲስ፣ ለብቻው የቆመ ኤዲዩ ሶላር እንዲኖረው የኃይል ኮዱ ያዛል። ሶላሩን ዋናው ቤት ጣሪያ ላይ ማድረግም ይቻላል። ጋራዥ መቀየር ላይ ይህ ግዴታ የለም። የእሳት ማጥፊያ ስፕሪንክለርም ዋናው ቤት ላይ ግዴታ ካልሆነ ኤዲዩ ላይ አይጠየቅም።

ጋራዥ ለምትቀይሩ ብቻ

የጋራዥ ወለል ጠፍጣፋ ይመስላል። ብርቱካን መሬቱ ላይ አስቀምጡና እዩ፣ ወደ በሩ ትንከባለላለች። ሲሠራ የመኪና ውኃ እንዲወጣ ተዳፍቶ ነው የተሠራው። ከሥሩ እርጥበት የሚከለክል ላስቲክ ብዙ ጊዜ የለም። ትልቁ በር የነበረበት ቦታ ላይ መሠረት የለም፤ ግድግዳ ለማቆም ከመሠረት መጀመር ይጠይቃል። ሁሉም ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ከወለሉ እስከ ጣሪያው 7 ጫማ መቅረት አለበት፤ ወለሉን ስታስተካክሉና ጣሪያውን ስትሸፍኑ የምትበላውን ቁመት አስቀድማችሁ ቀንሱ።

የመኝታ ክፍሉ መስኮት እሳት ሲነሳ ሰው የሚወጣበት ነው። ሲከፈት መሬት ላይ ላለ ፎቅ 5 ስኩዌር ፊት፣ ለላይኛው 5.7 ክፍት ቦታ መስጠት አለበት። ቢያንስ 20 ኢንች ስፋት፣ 24 ኢንች ቁመት። የታችኛው ጠርዙ ከወለሉ ከ44 ኢንች አይበልጥም። ርካሽ መስኮት ገዝቶ ገጥሞ እንደገና ያወጣ ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 5፦ ፓርኪንግና የሲቲ ክፍያ

ፓርኪንግ በአጭሩ፦ ቤታችሁ ከአውቶቡስ ወይም ከባቡር ማቆሚያ በግማሽ ማይል የእግር መንገድ ውስጥ ከሆነ አይጠየቅም። ጋራዡን ከቀየራችሁም በምትኩ ሌላ ፓርኪንግ አምጡ አትባሉም።

ክፍያ ላይ ደግሞ 750ን አስታውሱ። ከ750 ስኩዌር ፊት በታች የሆነ ኤዲዩ የልማት ተፅዕኖ ክፍያ የሚባለውን (አዲስ ግንባታ ለመንገድ፣ ለመናፈሻና ለመሳሰለው የሚጠየቀውን) አይከፍልም። ገበያ ላይ 749 ስኩዌር ፊት የሆነ ፕላን የምታዩት በአጋጣሚ አይደለም። የፈቃድና የፕላን ማያ ክፍያ ግን አለ። ከ500 በላይ ከሆነ የትምህርት ቤት ክፍያም ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ፕላን

ከዜሮ ከማሠራታችሁ በፊት ሲቲያችሁ አስቀድሞ ያጸደቃቸውን ፕላኖች እዩ። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የካሊፎርኒያ ሲቲዎች እንዲህ ዓይነት ፕላን ተቀብለው እንዲያስቀምጡ ታዘዋል፤ ሎስ አንጀለስ ከ2021 ጀምሮ አላት። የጸደቀ ፕላን ስትጠቀሙ ሲቲው 60 ሳይሆን 30 ቀን ነው ያለው። የግቢያችሁ ካርታ፣ መሠረቱና የፍሳሽ መስመሩ ግን ለእናንተ ቦታ ብቻ ይሠራል። «ፕላኑ ነፃ ነው» ሲሏችሁ ይህን ቀሪ ሥራ አትርሱ።

ማስተካከያ ሲመጣላችሁ ነጥብ በነጥብ መልሱ። በእያንዳንዱ አስተያየት ሥር «በገጽ ይህ፣ በቁጥር ይህ ተስተካክሏል» ብላችሁ ጻፉ። ፕላኑን አዲስ አድርጎ ያለማብራሪያ መላክ መርማሪውን እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

ደረጃ 7፦ ኮንትራክተሩ

አንዳንዴ ኮንትራክተሩ የሰው ሰው ነው። ቤተክርስቲያን የምናውቀው፣ ወይም የአክስት ልጅ ጓደኛ። ይሉኝታ ይይዘናል። ወረቀት መጠየቅ እምነት ማጣት ይመስለናል። እኔ ግን ዘመዴንም ቢሆን የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቄ በስቴቱ የኮንትራክተሮች ፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አያለሁ። የፈቃዱ ሁኔታ፣ ቦንዱ፣ የሠራተኞቹ ኢንሹራንስ፣ ሁሉም እዚያው አለ።

ሕጉ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው፦ የቤት ማሻሻያ ሥራ ቀብድ 1,000 ዶላር ወይም ከጠቅላላው 10 በመቶ ነው፣ ያነሰው። ማለትም የ150,000 ዶላር ሥራ ቢሆንም ቀብዱ 1,000 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላም ክፍያው ከተሠራው ሥራ መቅደም የለበትም። «ዕቃ ልግዛበት 30,000 ስጠኝ» ካላችሁ፣ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ያውቃል።

ሌላ የምትጠነቀቁት፦ «ፈቃዱን በስምህ አውጣው፣ ይቀልሃል» የሚል ኮንትራክተር። ባለቤት-ገንቢ ሆናችሁ ከፈረማችሁ አሠሪው እናንተ ናችሁ። ሠራተኛ ከጣሪያ ቢወድቅ ጣጣው የእናንተ ነው።

በመሐል ደግሞ በፖስታ አንድ ወረቀት ይመጣል። እንጨት ካቀረበው ድርጅት ወይም ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ቃላቱ ያስፈራሉ፣ ቤታችሁ ላይ ዕዳ ሊመዘገብ እንደሚችል ይናገራል። አትደንግጡ፣ ክስ አይደለም። ግን አትጣሉት። እናንተ ለኮንትራክተሩ ከፍላችሁ እሱ ለእነሱ ካልከፈለ፣ ቤታችሁ ላይ ሊን (የዕዳ መያዣ) ማስመዝገብ ይችላሉ። ስለዚህ ስማቸውን በዝርዝር ያዙ። በየክፍያው፣ ከእያንዳንዳቸው «ተከፍሎኛል፣ ሊን አላስመዘግብም» የሚል የተፈረመ ወረቀት ሳትቀበሉ ቀጣዩን ቼክ አትጻፉ።

ደረጃ 8፦ ኢንስፔክሽን

ደንቡ አንድ ነው፦ ያልተፈረመ ነገር አይሸፈንም። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ጉድጓዱና ብረቱ ይታያል። ወለል ከመዘጋቱ በፊት ቱቦው። ድራይዎል ከመለጠፉ በፊት እንጨቱ፣ የመብራት ሽቦው፣ የውኃው መስመር፣ ኢንሱሌሽኑ። ኮንትራክተሩ «ዓርብ እንሸፍነው፣ ኢንስፔክተሩ ሰኞ ይመጣል» ካላችሁ እምቢ በሉ። የተለጠፈ ድራይዎል መቅደድ ያማል። የሽቦውንና የቱቦውን ፎቶ አንሱ፣ ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ስትሰቅሉ ይጠቅማችኋል።

የመጨረሻው ፊርማ ሲገኝ የመኖሪያ ማረጋገጫው ይሰጣል። ከዚያ በፊት ሰው አይገባም። ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ። አዲስ አድራሻ ቁጥርም ይሰጣችኋል።

ኪራይ፣ ታክስ፣ ሽያጭ

ለአጭር ጊዜ እንግዳ ማከራየት አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ውሉ ከ30 ቀን በላይ ይሁን። የንብረት ታክስ ይጨምራል፣ ግን ሰዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ከ1978ቱ ፕሮፖዚሽን 13 የተነሳ ዋናው ቤት በቆየበት ግምት ይቀጥላል፤ የሚጨመረው የአዲሷ ቤት ዋጋ ብቻ ነው። ኤዲዩዋን ነጥሎ መሸጥ አይቻልም፣ ሲቲው በ2023ቱ ሕግ መሠረት ፈቅዶ ካልሆነ በቀር። ሳን ሆዜ በ2024 ይህን በመፍቀድ የመጀመሪያዋ ሆነች።

ያለ ፈቃድ የተሠራ ካላችሁ

ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ የምጠየቀው ይህ ነው። ቤቱን ሲገዙ ጋራዡ ተቀይሮ ነበር፣ ወይም የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ሰው «ማን ያይሃል» ብሏቸዋል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ ከ2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ሲቲው ዛሬ ባለው ደንብ አልተሠራም ብሎ ፈቃድ ሊነፍጋችሁ አይችልም። መከልከል የሚችለው ለነዋሪው ጤናና ደኅንነት አደገኛ ከሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሽቦው የሚያቃጥል፣ መውጫ የሌለው፣ ጣሪያው የሚወድቅ። ምን ምን እንደሚያይ የሚዘረዝር ቅጽም ማቅረብ አለበት።

ወደ ሲቲው ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ቀጥራችሁ በዚያ ቅጽ መሠረት በግል አሳዩት። የሚጎድለውን በዝምታ ታውቃላችሁ። መስኮቱን፣ የጭስ ማንቂያውን፣ ሽቦውን አስተካክላችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ማመልከቻውን ይዛችሁ ግቡ።